ካራማራ ላይ የሞተው አጎቴ፦ ድንጋዩ ላይ ምን ብለን እናስጽፍ?

የሳቢያኑ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጉዳዩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ወታደር ነበር። የሞተው በሶማሊያው መሪ በዚያድ ባሬ ወረራ ጊዜ ነው። የተወለደው ከቁልቢ ወደ ቀርሳ ስትሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች መንደር ነው። ዛሬም እዚያ ዘመድ አለን፣ ድንችና ጫት ያመርታሉ። እኔ ግን ድሬ ተወልጄ ድሬ ነው ያደግኩት፣ አጎቴን የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው። ቤታችን ውስጥ ስሙ ብቻውን ተጠርቶ አያውቅም፣ ሁልጊዜ "ካራማራ ላይ የወደቀው" ይጨመርበታል።

አምና ለቁልቢ ንግሥ ሄደን ስንመለስ እናቴን ይዘን ወደ መንደሩ ጎራ አልን። የአያቴን መቃብር ሣር ነቃቅላ፣ ድንጋዩን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ስታበቃ ወደ እኛ ዞር አለችና "ለወንድሜም ድንጋይ አቁሙለት፣ ስሙ የትም ሳይጻፍ እኔ አልሞትም" አለች። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ወሬዋ ይኸው ነው። እና እኛ ልጆቿ አዋጥተን እብነ በረድ ልናስቀርጽ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጽሑፉን ጨርሶታል፦ "የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ለእናት አገሩ የተሰዋ"። እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። እናቴ እንደምትለው መርዶው የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። በምን ታስታውሺዋለሽ ስላት "ማሽላው እሸት ነበራ" አለችኝ። አያቴ ማማ ላይ ወጥታ፣ ወንጭፍ ይዛ ወፍ እየጠበቀች ሳለ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በማሳው መሃል ሲመጡ አየቻቸው። ውረጂ አሏት። አልወርድም አለች። እዚያው ሆናችሁ ንገሩኝ አለች። እነሱ መርዶ እንዲህ አይነገርም ብለው ቆሙ፣ እሷ አልወርድም ብላ ቆመች፣ እናቴ የዚያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ናት፣ ከሥር ሆና አንዴ እነሱን አንዴ እናቷን ታያለች። ፀሐይ እስክትጠልቅ አልወረደችም።

እና ጥቅምት ላይ የተረዳ ሰው እንዴት ብሎ የካቲት ላይ ይሞታል? ወንድሜ "እማዬ ወሩን አምታታችው" ብሎ ዘግቶታል። ማሽላ ግን በየካቲት እሸት አይሆንም።

በእጃችን ያለው አንድ ፎቶና አንድ ደብዳቤ ነው። ፎቶው ሐረር ፎቶ ቤት የተነሣው ነው፣ የላስቲክ አበባ አጠገብ ቆሞ አንድ እጁን ወንበር ላይ ጥሏል፣ ቆቡን ጋደል አድርጎታል። ከጀርባው ማኅተም አለ፣ ግማሹ ለቋል። ደብዳቤው ከጅጅጋ የተጻፈ ነው፣ ሰኔ 1969 ይላል። ከሰላምታው በኋላ የሚለው ቆሎ በሰው ላኩልኝ፣ እኅቴን ከትምህርት ቤት እንዳታስቀሩብኝ፣ ጓደኛዬም ደህና ነው እናቱ እንዳያስቡ ንገሩልኝ፣ በቃ ይኼው ነው።

ጥያቄዬ፦ ከየካቲቱ ድል በፊት ካራማራ ላይ ውጊያ ነበር ወይ? የሞተበትን ቀን የት ሄጄ ነው የምጠይቀው? ደግሞስ አስከሬን በሌለበት ድንጋይ ማቆም ያስኬዳል? አንዳንድ ዘመድ "ባዶ መቃብር አታቁሙ፣ ሌላ ሰው ይጠራል" እያለ እናቴን እያስፈራራት ነው።


የከዚራ ልጅ

አቦ ነፍስ ይማር። የእኔ አያት ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የዚያን ዘመን ድልድይ እየፈረሰ ባቡሩ ቆሞ እንደነበር፣ ነሐሴ 1969 ላይ ደግሞ የሶማሌ ጦር ድሬ በር ድረስ መጥቶ እንደነበር ይነግሩን ነበር። ከዚያ ቀን የሚያወሩት የአውሮፕላኑን ድምፅ ብቻ ነው። የእኛ ኤፍ 5 መሆኑን ሳያውቁ አልጋ ሥር ገብተው እንደነበር ሲነግሩን ራሳቸውም ይስቃሉ።

ለጥያቄህ ስመጣ ግን፣ የካቲት 26 ብላችሁ ብትጽፉ ምን ችግር አለው? ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያን ቀን ነው፣ በየዓመቱ የሚከበረውም እሱ ነው። እናትህም ደስ ይላታል። ድንጋይ ፍርድ ቤት አይቀርብ።


ጡረተኛው

ልጄ፣ እናትህ አላምታታችም። ካራማራ ላይ ሁለት ጊዜ ነው የተዋጋነው። ሰው የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው።

የዚያድ ባሬ መደበኛ ጦር የገባው ሐምሌ 1969 ነው። ነሐሴ ላይ ድሬን ሞከረ፣ ተመስገን አልሆነለትም። ከዚያ ፊቱን ወደ ጅጅጋ አዞረ። ጅጅጋ የተያዘችው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፣ 1970 ገና እንደገባ። ከጅጅጋ ወደ ሐረር ስትመጣ ከፊትህ የሚገተረው ተራራ ካራማራ ነው፣ መንገዱ የሚያልፈው በማርዳ በር ነው። ያን በር የያዘ የሐረርን መንገድ ያዘ ማለት ነው። እሱም በዚያው በመስከረም ውስጥ ተለቀቀ።

ስለ መስከረሙ እኛ አሮጌ ወታደሮችም ማውራት አንወድም። ድል የለውማ። በታንክ በልጠውን ነበር፣ ጅጅጋ በነበረው ጦር ውስጥ ትእዛዝ ተምታታ፣ ያመፀ ክፍልም ነበር፣ ይሄ በመጻሕፍትም ወጥቷል፣ ምሥጢር አይደለም። ያ ሁሉ ትርምስ ባለበት ግን ቦታውን ሳይለቅ የቀረ ልጅም ነበር። የዚያ ልጅ ስም ከሽሽቱ ወሬ ጋር አብሮ ተዳፈነ። ከዚያ በኋላ ተራራው አምስት ወር ግድም በእነሱ እጅ ስለቆየ የወደቀውን የሚያነሣ ወገን አልነበረም። አያትህ አስከሬን ያላየችው ለዚህ ነው።

እኔ የዚያን ጊዜ ሐረር ነበርኩ፣ መድፍ ላይ። ኅዳር ላይ ከተማው ጫፍ ደርሰው ነበር። ጥር ላይ አንዴ ደግሞ ሞከሩ፣ ያን ጊዜ ኩባዎቹም አብረውን ነበሩ፣ መለስናቸው። የካቲት ላይ ማርዳን ፊት ለፊት አልገጠምነውም። በሰሜን በኩል ተዞረ፣ ሰውም ቀላል ብረት ለበስም በሄሊኮፕተር ከኋላቸው እየወረደ ነው ጅጅጋ የተገባው። የካቲት 26 የምትሉት እሱ ነው።

እና አጎትህ ሰኔ ላይ ከጅጅጋ ጽፎ፣ መርዶው ጥቅምት ላይ ከመጣ ነገሩ ግልጽ ነው። መስከረም ላይ ነው የሞተው። ካራማራ ላይ ሞተ ያሏችሁም እውነታቸውን ነው።


የሻምበል ልጅ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ለከዚራው ልጅ አንድ ነገር ልበልህ፣ አትቀየመኝ። አባቴ የሞተው ኅዳር 1970 ነው፣ እዚሁ ሐረር አፋፍ ላይ። በየዓመቱ የካቲት 26 ሲደርስ ወዳጅ ይደውልልኛል፣ እንኳን ለአባትሽ ቀን አደረሰሽ ይለኛል። አሜን እላለሁ፣ ምን ይባላል። አባቴ ግን ያን ቀን ከሞተ ሦስት ወር አልፎታል። ድሉን አላየውም፣ የሞተውም ያሸንፋሉ አያሸንፉም በማይታወቅበት ሰዓት ነው። ለእኔ የእሱ ትልቅነት እዚያ ላይ ነው፣ እሱን ወስደህ የካቲት ላይ ብትለጥፍልኝ የአባቴን ሞት በሌላ ሰው ሞት ለወጥከው ማለት ነው። በዚያ ላይ እኮ ለወንድሟ ድንጋይ አቁሙ ያለችው እናት የመርዶውን ቀን በዓይኗ አይታለች። ፊቷ ላይ የካቲት ብለው ሲያስጽፉ ምን ልትል ነው?

ሳቢያኑ፣ አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ እናትህን አያትህ ጡረታ ትቀበል እንደነበር ጠይቃት። በሞተው ወታደር ይጦሩ የነበሩ ወላጆች ጡረታ የሚያገኙበት ሕግ ነበር። ትቀበል ከነበረ ፋይል አለ ማለት ነው። በእኛ ፋይል ውስጥ የአባቴ ስም እስከ አያት፣ ማዕረጉ፣ የወታደር ቁጥሩ፣ የነበረበት ክፍልና የሞተበት ቀን ነበር። እኛ በአባቴ ስም ስናስፈልግ የለም ተባልን፣ በእናቴ ስም ሲፈለግ ተገኘ። ስለዚህ በአያትህ ስምም ጠይቁ፣ ያውም በወረቀት ላይ ባለው ስም፣ የቤት ስሟ ሌላ ከሆነ ዋጋ የለውም። የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቋችኋልና ሳትይዙ አትሂዱ። ነገ ተመለሱ መባል ያለ ነው፣ ሆድ አይባሳችሁ።

ባዶ መቃብር ስለሚሉት፣ ሌላ መቃብር ለምን ታቆማላችሁ? የአያትህ ድንጋይ አለ አላልክም? ስሙን እዚያው ከእናቱ ሥር ጨምሩት። እኛ እናቴ ስታርፍ እንደዚያ ነው ያደረግነው። ለካህናቱ ነግራችሁ ፍትሐቱን አስደርጉ፣ ስሙ ይጠራ፣ የሚያስፈራሩትም ዘመዶች ንፍሮአቸውን በልተው ይሄዳሉ።


የፈረስ መጋላው

ሁላችሁም ስለ አጎቱ ነው የምታወሩት፣ ጥሩ፣ አላህ ይማረው። እኔን ግን ደብዳቤው ላይ ያለው ሌላው ልጅ ነው የያዘኝ። "ጓደኛዬም ደህና ነው እናቱ እንዳያስቡ" ይላል። ይሄ ጓደኛ ማነው? ከዚያችው መንደር ነው? ተመለሰ?

ይሄን የምለው ለምን መሰላችሁ። ሐረር ውስጥ የእንግሊዞች የጦር መቃብር አለ፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በ1933 ጣሊያንን ሲያባርሩ የሞቱ ወታደሮች ናቸው፣ ሐረርን የያዘውም ከናይጄሪያ የመጣ ብርጌድ ነበር። ድንጋዩ በረድፍ ቆሟል፣ ስም ተቀርጾበታል። አዲስ አበባ ደግሞ ትግላችን ሐውልት ብትሄዱ የኩባዎቹ ፎቶ ተደርድሮ ታያላችሁ። ይገባቸዋል፣ ከባሕር ማዶ መጥተው ደማቸውን አፍስሰዋል፣ ቅር አይለኝም። ግን የቀርሳውና የጉርሱሙ ልጅ ስም የት ነው የሚነበበው? ቤተሰቡ ካልጻፈው የሚጽፈው የለም። እና ከአንድ መንደር ሁለት ልጅ ሄዶ አንዱ ብቻ ከተጻፈ ሌላው ሁለተኛ ሞተ።


የሳቢያኑ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለወንድሜ አነበብኩለት፣ ዝም አለ፣ ከዚያ "እና ታዲያ ሲሸሽ ነው የሞተው ልትሉኝ ነው?" ብሎ ተቆጣ። የተቆጣው በእርስዎ አይደለም። ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ አጎቱ ሲያወራ የካቲት 26ን ይዞ ነው ያደገው፣ እሱን ማንሣት ከበደው። የሻምበል ልጅ የጻፈችውን ስጨምርለት ግን ስለ አባቷ ያለችውን ደግመህ አንብብልኝ አለ።

ጡረታውን ጠየቅኩ። አያቴ ትቀበል ነበር! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይሄን አላውቅም። እናቴ እንደነገረችኝ ብሯን ተቀብላ ስትመጣ ለቤት አስቤዛ አታደርገውም ነበር፣ ይሄ የልጄ ደም ነው፣ አይበላም ትላለች። ደብተርና እስክሪብቶ ነበር የምትገዛበት። እናቴ አስተማሪ እስክትሆን ድረስ የጻፈችበት ደብተር ሁሉ በዚያ ብር ነው የተገዛው። ያደረገችው ግን በደብዳቤው ቃል ይሁን በራሷ ሐሳብ፣ ይሄን እናቴም ጠይቃት አታውቅም።

ጓደኛው ደግሞ፦ አዎ የዚያችው መንደር ልጅ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ቤታቸው ከእኛ ማሳ ጋር ይዋሰናል። የተቀጠሩትም አንድ ቀን ነው፣ በአንድ መኪና ነው የሄዱት። እሱም አልተመለሰም። ግን ለእሱ መርዶ አልመጣም። ሞተም ተማረከም ያለ የለም። በ1980 ከሶማሌ ጋር ስምምነት ተደርጎ ምርኮኞች ሲመለሱ እናቱ ራዲዮ ሥር ተቀምጠው ስም ሲጠባበቁ እናቴ ታስታውሳለች። አያቴም አብራቸው ትቀመጥ ነበር፣ የራሷ ልጅ እንደማይመጣ እያወቀች።

አሁን ቸገረኝ። የአጎቴን ስም በአያቴ ድንጋይ ላይ መጨመሩ ያምራል፣ እናቴም ገና ሳልጨርስላት እሺ ብላለች። ግን ያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። የጓደኛውን ስም እዚያ ማድረግ አይሆንም፣ መተውም አላስቻለኝም። ሞተ ብዬስ እንዴት እጽፋለሁ?


ጡረተኛው

ሞተ ብለህ አትጻፍ። እኛ ጦሩ ውስጥ የገባበት ያልታወቀ ይባል ነበር፣ ለእሱ የሞት ቀን አይሰጠውም። የሄደበትን ጻፍ። ሁለቱም በየትኛው ዓመት እንደተቀጠሩ ከእናትህ ታገኘዋለህ፣ እሱን ማንም አይከራከርህም።

ወንድምህን ደግሞ እንዲህ በልልኝ። ወታደር በትእዛዝ ያፈገፍጋል፣ በትእዛዝ ያጠቃል። ያጠቃሁበትም ያፈገፈግኩበትም ቀን አለኝ፣ የፈራሁት በሁለቱም ነው። መስከረም ላይ ማርዳ በር የነበሩት የካቲት ላይ ከነበሩት የሚያንሱበት ምንም ነገር የለም። እንዲያውም የካቲት ላይ ከኋላችን አውሮፕላንና መድፍ እንደ ልብ ነበረን፣ እነሱ ይሄ አልነበራቸውም።

የፎቶውን ጀርባ ደግሞ በደንብ አንሣው። ከላይ ሳይሆን ብርሃን ከጎን ሲመታው አንሣው፣ የለቀቀ ማኅተም በጎን ብርሃን ጉድጓዱ ይታያል። የክፍሉ ቁጥር ከታየ እዚህ አምጣው፣ እኔ ባላውቀው የሚያውቅ ጓደኛ አላጣም።


የከዚራ ልጅ

እሺ ተሸንፌያለሁ፣ የሻምበል ልጅ አንጀቴን በላሽው። የካቲትን ተዉት።

ለሁለቱ የሚሆን ቦታ ግን እኔ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤቱ። የመንደሩ ልጅ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚውለው እዚያ ነው። በር ላይ አንድ ድንጋይ ብታቆሙ ልጆቹ ሲገቡ ሲወጡ ያነቡታል። ሐውልት ምናምን አይደለም፣ ሁለት ስም ብቻ። ርዕሰ መምህሩንና ቀበሌውን ሳታስፈቅዱ ግን እንዳትሞክሩት፣ አንዱ ተነሥቶ ፖለቲካ ያደርግባችኋል።


የሻምበል ልጅ

የትምህርት ቤቱ ሐሳብ ይመቻል። እናቱ ደግሞ አስተማሪ ናት እኮ፣ እሷ ራሷ ትለምንላችሁ።

ስለ ቀረጻው አንድ ነገር፣ እኛ ተጃጅለንበታልና። ፊደሉን በቀለም ብቻ ጽፈው ከሰጧችሁ አትቀበሉ፣ በእኛ ፀሐይ ቶሎ ይለቃል። ጠልቆ ይቀረጽ፣ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን በእጃችሁ ጽፋችሁ ስጡት፣ በስልክ አትንገሩት። የአባቴን ድንጋይ በስልክ ነግረን በጸሎቱ ጸ የሚጻፈውን የአያቴን ስም በፀሐዩ ፀ አስጽፈን... አይ እሱን ተዉት። ቀኑን ደግሞ ከፋይሉ እስክታገኙ ድረስ "መስከረም 1970" ብቻ በቂ ነው። ቀን የግድ አይደለም።


የፈረስ መጋላው

ሳቢያኑ፣ የጓደኛው ስም ድንጋይ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ መስማት አለበት። መርዶ ያልመጣለት ቤት ነው ብለሃል፣ ድንገት ስሙን ትምህርት ቤት በር ላይ ቢያዩት ለእነሱ መርዶ ማለት ያ ነው። ወንድም ወይ የወንድም ልጅ አይጠፋም፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ላኩ፣ ከእናንተም አንድ ሰው አብሮ ይሂድ። እምቢ ካሉ ይቅር። እሺ ካሉ ደግሞ የስሙን አጻጻፍ እነሱ ይንገሯችሁ። እኔ ቀርሳ ገበያ ሱቅ ያለው የአክስት ልጅ አለኝ፣ አካባቢውን ሰው በሰው ያውቀዋል። የመንደሩንና የልጁን አባት ስም በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ እንዲያጠያይቅ እነግረዋለሁ።